አክስቴ መኝታ ቤት ስለገባው ሐይቅዎ

ለተከበሩ የሰው ሠራሽ ሐይቅና የመዝናኛ መንደር ፕሮጀክት ዋና ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎም፣ ደረቅ ወለል ያለው ቤትዎም ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በመንገዱ መግቢያ ላይ የተተከለውን ትልቁን የፕሮጀክትዎን ሰሌዳ የሣልኩት የማስታወቂያ ሠዓሊ ነኝ። ሰማያዊውን ሐይቅ፣ ነጫጭ ጀልባዎቹንና ፈገግ ያሉትን እንግዶች ያየ ሁሉ ስለሚያደንቃቸው፣ ምስጋናውን ከክቡርነትዎ ጋር ልካፈል ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት።

አንደኛ፣ ሐይቁ ውሃ አልያዘም እየተባለ የሚወራው ተራ ሐሜት መሆኑን ልመሰክርልዎ እወዳለሁ። ውሃውስ አለ። ከሥሩ ሊነጠፍ የነበረው ውሃ የማያሳልፍ ላስቲክ ለጊዜው ይቆይ ስለተባለ ብቻ፣ የለቀቁት ውሃ ሁሉ ወደ ታች ሰርጎ፣ ከግድቡ ግርጌ ባለችው የአክስቴ ቤት መኝታ ክፍል ውስጥ ብቅ ብሏል። እንግዶችዎ ከመጡ አክስቴ አልጋዋን ጠጋ አድርጋ ልታስጎበኛቸው ፈቃደኛ ናት።

ሁለተኛ፣ መሐንዲሶችዎ ስላሳዩት ትሕትና ምስጋና ይድረሳቸው። አክስቴ ግድግዳዋ መሰንጠቁን ልታመለክት በሄደች ጊዜ ወንበር ሰጥተው፣ ካርታ ዘርግተው፣ ቤቷ ካርታው ላይ ስለሌለች ልትሰነጠቅ እንደማትችል በትዕግሥት አስረድተዋታል። የሚቀጥለው ክረምት ቤቷን ይጥላታል ብለን መሥጋታችን፣ ካርታ ማንበብ ባለማወቃችን መሆኑ ነው።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ ከብዶኛል። ጎረቤቶቿ ሁሉ ምትክ ቦታ ተቀብለው ሲነሡ አክስቴ አልነሣም ያለችው በእኔ ሰሌዳ የተነሣ ነው። ስሠራው ከሐይቁ ዳር ባዶ ቦታ ተረፈኝ፤ ማንም ሳያዘኝ፣ ደስ ይበላት ብዬ ቤቷን ከነቀይ በሯ ሣልኩበት። እሷም ሰሌዳውን እንደ ውል ቆጥራ፣ ፕሮጀክቱ ቤቴን ዳር ላይ ትቶልኛል እያለች ላገኘችው ሁሉ ታሳይ ጀመር። ደስታዋ አሳሳኝና ከራሴ አውጥቼ የሣልኳት መሆኑን ሳልነግራት ቀረሁ። ያሳደገችኝ ሴት ናት፤ ውሃው ከገባ ወዲህ ቀና ብዬ ፊቷን ማየት አፍራለሁ። ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ በዚህኛው አልወቅስዎም፤ እርስዎ የዋሹት ለማያውቁት ሰው ነው።

ደግሞም ሰሌዳው በፀሐይ ስለደበዘዘ ሰማያዊውን እንዳደምቀው ሰሞኑን ሰው ልከውብኛል። ስለጣሉብኝ እምነት እጅግ አመሰግናለሁ። ሆኖም አክስቴን እንደ ጎረቤቶቿ ደረቅ ቦታ እስኪያሳርፏት ድረስ፣ ብሩሼን እንደማላነሣ በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ።

በሌለ ሐይቅ ላይ ጀልባ ያንሳፈፍኩልዎ፣
በሥራዬ የማፍር፣ በእርስዎ ግን የማልገረም፣
አክባሪዎ፣
የሰሌዳው ሠዓሊ

ተጨማሪ፦ ይህን ደብዳቤ ለጋዜጣ ከመስጠቴ በፊት ለአክስቴ አነበብኩላት። ሦስተኛውንም አንብቤ ጨረስኩ። እሷም እግሯን ከእርጥቡ ወለል አንሥታ አልጋው ላይ አደረገችና፣ «ማንም ሳያዝህ የሣልካት መሆኑንማ መች አጣሁት? እኔ ብነሣ ውሸታም ይሉሃል ብዬ ነው እንጂ» አለችኝ። ክቡርነትዎም ለእርስዎ ስም ብሎ እርጥብ ቤት ውስጥ የሚያድር ሰው ካለዎት፣ ምን ብለው እንደሚመልሱለት ቢጽፉልኝ ውለታዎን አልረሳም፤ ያንኑ ለአክስቴ አነብላታለሁ።