በማዳም ግድግዳ ላይ የከረመው እንዝርትሽ

እማዬ፣ አፈሩ ይቅለልሽ። ከተለየሽን ሁለት ረመዳን አለፈ፤ ሦስተኛው ሊገባ ነው። ስንቴ ልጽፍልሽ ተቀምጬ ድካም አሸነፈኝ መሰለሽ! ዛሬ ጁምዓ ነው፣ ሥራ የለኝም። ደክሞኛል ግን እንዝርትሽ ቤት ገብቷልና ሳልነግርሽ አልቀርም።

ሰፈራችን ካርቲየ 5 ያው ናት። ጣሪያችን ዝጎ ሁለት ቆርቆሮ ቀየርን። ልጅሽ ሙክታር ያንኑ ከባድ መኪና ይነዳል፤ አዲሱ ባቡር ጭነት ወሰደብን እያለ ያማርራል። ከድሬዳዋ ድንበር ተሻግሮ ሲመጣ እንደ ድሮው ጥጥ አይጭንም፤ ለማን ብሎ! እኔም እዚያው የፈረንጆቹ ሰፈር ሀራሙስ፣ ማዳም ቤት ነኝ። ሳጸዳ እውልና ወገቤን ይዤ እመለሳለሁ።

አንቺ ግን አይደክምሽም ነበር? ወይስ ትደብቂን ነበር? የዚህ አገር አየር ጥጥ ያረጥባል እያልሽ ባዘቶውን የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ትከድኚው ነበር። ሙቀቱ ሳይበረታ በጠዋት ተነስተሽ፣ ጣትሽን አመድ አስነክተሽ ትፈትያለሽ። የእኔ ክር አንዴ እንደ ገመድ ይወፍራል፣ አንዴ ይበጠሳል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እያልሽ ትስቂብኝ ነበር። ለእኔ ጋቢ ብለሽ የጀመርሽው ማግ፣ ስትታመሚ እንዝርቱ ላይ እንደተጠቀለለ ቀረ።

ካረፍሽ በኋላ በማዳም ሳሎን አቧራ ስጠርግ አንዲት ትንሽ ክብ ሸክላ አየሁ፤ መሀሏ የተበሳ፣ ዙሪያዋ አበባ የተቀረጸባት። አላስችል ብሎኝ ይቺማ የእንዝርት ናት አልኳት። ተገረመች። ሜክሲኮ ከሚባል አገር ያመጣቻት ናት፤ አዝቴክ የሚባሉ የጥንት ሰዎች ሴቶቻቸው ይፈትሉባት ነበር አለችኝ። ሴት ልጅ ስትወለድ የፈትል ዕቃ ይሰጧታል፣ ስትሞትም አብሯት ይቀበራል አለች። እኔ ሞኟ ደስ አለኝ፤ አንቺን የሚያውቅ ሰው ያገኘሁ መሰለኝ። የእኔም እናት ፈታይ ነበረች ብዬ በማግስቱ እንዝርትሽን ላሳያት ወሰድኩት።

ስጦታ መሰላት። አቀፈችኝ፣ ደጋግማ አመሰገነችኝ። ላሳይሽ ነው እንጂ ልሰጥሽ አይደለም ማለት አቃተኝ፤ ይሉኝታ አፌን ያዘው። ሳምንት ሳይሞላ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ዓመት ሙሉ የእናቴን እንዝርት በማዳም ጨርቅ ስወለውል ኖርኩ።

ባለፈው ሳምንት ማዳም ወደ አገሯ ልትመለስ ዕቃ ማሸግ ጀመረች። እንዝርትሽን ከዚያች ሸክላ ጋር ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ክዳኑን በሚስማር ልትመታው ስትል አላስቻለኝም። በዚያች በተሰባበረች ፈረንሳይኛዬ፣ የእናቴ ነው፣ መልሽልኝ አልኳት። ፊቷ ቀላ። ምነው እስከ ዛሬ ዝም አልሽ ብላ ጠየቀችኝ። አውጥታ ሰጠችኝ፣ ይቅርታም ጠየቀችኝ። ክፉ ሴት አይደለችም።

አሁን የከበደኝን ልንገርሽ። እንዝርቱ ባዶውን ነው የተመለሰው፤ ግድግዳው ላይም ባዶውን ነበር፣ እኔ ግን ክሩን ለብቻ ያስቀመጠችው መስሎኝ ነበር። ክሩስ ብዬ ስጠይቃት፣ ያኔ ከመስቀሏ በፊት አጽድታው ኖሯል፤ ክርሽ ያደፈ መስሏት አውልቃ ጥላዋለች። እማዬ፣ በዚያ ቤት ቆሻሻ የምደፋው እኔ ነኝ። ፌስታሉን አስሬ በር ላይ ያወጣሁት በገዛ እጄ ነው፤ ውስጡ ምን እንዳለ እንኳ ሳላይ።

አፉ በይኝ። ፈትዬ እተካዋለሁ ብዬ አልዋሽሽም፤ ሙያውም ጉልበቱም የለኝም። ግን ከእንግዲህ ያንቺን ነገር ሰው ሲወስደው በይሉኝታ ዝም አልልም። እናትሽ ማን ነበረች ላለኝ ሁሉ፣ ፈታይ ነበረች ብዬ ስምሽን እጠራለሁ። ዱዓዬም አስቀድሞ ላንቺ ነው። አልረሳሽም። ያን ፌስታል ያነሳ እጅ እንዴት ይረሳል?

ልጅሽ ፋጡማ