የጠዋት ውሃ፣ የማታ ውሃ

ሰኞ

የሽርት ውሃው አንሷል። ሁለቴ ለካሁት፣ ሁለቴም አነሰ። ስክሪኑ ላይ ልጁን ጠባብ መደብ ላይ እንደተኛ ሰው ጉልበቱን ወደ አገጩ ሰብስቦ አየሁት። የልቡ ምት ደህና ነው። ለጊዜው።

እናቱ የሺ ትባላለች። ዓረብ አገር ብዙ ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ተመለሰች፣ አሰፋ የሚባል ገበሬ አገባች፣ አርባ ሊሞላት ሲል አረገዘች። ከዚህ በፊት ሁለት ፅንስ ወጥቶባታል። ቤቷ ወደ ሸለቆው ወርዶ ነው፣ መንገዱም በክረምት አይታመንም። ስለዚህ ስምንተኛ ወሯ ሲገባ እዚሁ ግቢያችን ካለው የእናቶች ማቆያ አስገባናት። ዛሬ ምን ሆነሽ መጣሽ ስላት፣ “ቀን ቀን ዝም ይለኛል፣ ዶክተር” አለችኝ። ስትናገር ድምጿ ቀስ ያለ ነው፣ የተኛ ሰው እንዳይነቃባት የምትጠነቀቅ ይመስላል።

ውሃው እየፈሰሰ እንደሆን መረመርኩ። አይፈስም። ግፊትም የላትም። ትበያለሽ? ትጠጫለሽ? አልኳት። ተመስገን፣ እበላለሁ፣ እጠጣለሁ አለች። ጻፍኩ።

የቀረኝ ጥርጣሬ እንግዴ ልጁ ደክሞ ይሆናል የሚል ነው። ከደከመ ልጁ ውስጥ መቆየት የለበትም። ወጥቶስ? ገና ትንሽ ነው። እዚህ ደግሞ ኦክስጅኑ መብራት ሲኖር አለ፣ ሲጠፋ የለም። ደሴ ልላካት ብል ያ መንገድ በዚህ ዝናብ። የልጁን ሳንባ የሚያጠነክረውን መርፌ አስጀመርኩላትና ሌላውን ለነገ አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከዓባይ በኩል ወጥቶ ኮሪደሩ ድረስ ገባ። ቆሜ አየሁት፣ ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ደጎሎ ከተማ ልጅ ሳለሁ እናቴ “ይቺ ቆማ ታልማለች” ትለኝ ነበር። የማህፀን ሐኪም ሆኜም አልተወኝም። ጉሙ ውስጥ አንድ ትንሽ ሰው ወዲያ ወዲህ ሲል ታየኝ፣ ብጠራው የማይሰማ። አዋላጇ ሲስተር ከድጃ ክንዴን ስትነካኝ ነው የነቃሁት። ምጥ የያዛት መጥታለች።

ማክሰኞ

መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። የጄኔሬተሩ ነዳጅ አልቋል፣ ነዳጅ የሚያመጣውን መኪና ጭቃ ይዞታል። የሺን በማሽን ሳላያት ዋልኩ። ልቡን በማዳመጫ ሰማሁት። ይመታል። ልብ መምታቱ ብቻውን ግን አያስተኛም።

የዛሬ ደስታ፦ አንዲት እናት መንታ ወለደች፣ ሁለቱም ወዲያው አለቀሱ። የዛሬ ብስጭት፦ ቡትስ ጫማዬ ውሃ ማስገባት ጀምሯል።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት መብራት መጣ። የሺን አስተኝቼ ለካሁ። ውሃው ጨምሯል። በቂ ነው አይባልም፣ ግን የትናንቱ አይደለም። ልጁም እግሩን ዘረጋ፣ መልሶ ሰበሰበ። ከድጃ ስክሪኑን አየች፣ ቀጥላ እኔን አየች። እዚህ ግቢ ከእኔ በፊት ብዙ ዓመት የሠራች ስለሆነች እንደ ታናሽ እህቷ ነው የምትቀልድብኝ። ዶክተርዬ፣ ትናንት የለካሽው ቆመሽ ስታልሚ ነው እንዴ? አለችኝ። ሳቅን።

ቤቴ ገብቼ ስጋደም ግን ሳቁ ቀረ። እውነት እያለምኩ ለክቼ ይሆን? በሕልሜ ውሃ ቀዳሁ፣ ማሰሮው አይሞላም፣ አይጎድልም። አላስፈራኝም፣ እንዲያውም ደስ ይል ነበር።

ረቡዕ

ጠዋት ለካሁ። እንደገና አንሷል።

ማሽኑን ጠረጠርኩት። ሌላ እርጉዝ አስተኝቼ ሞከርኩ፣ ማሽኑ ደህና ነው። እጄን ጠረጠርኩ። ከድጃ ለካች፣ እሷም ያገኘችው የእኔኑ ነው። አሁን አልሳቀችም።

ስለዚህ ወደ ኦፕራሲዮን ልቤ አዘነበለ። እናቴ ብትኖር “የቸኮለ አፍሶ ለቀመ” ትለኛለች። ዞር ብላ ደግሞ “ሳይቃጠል በቅጠል” ትላለች። ተረት ለሁለቱም ወገን ይመሰክራል። አንድ ነገር ደግሞ እዚህ ልጻፈው፣ ማንም አያየውም። ቀድጄ ልጁ ቢሞት “ሞክራ ነበር” ይሉኛል። ጠብቄ ቢሞት “ምን ትጠብቅ ነበር?” ይሉኛል። ሰው ሆድ ላይ ቢላዋ ለማሳረፍ ይህ ምክንያት መሆን የለበትም። ግን አሰብኩት፣ አፈርኩም።

ከምሳ በኋላ መስኮት ዳር ተቀምጬ ጉሙን ሳይ ነጠላ የለበሱ ሴቶች ከውስጡ አንድ አንድ እያሉ ይወጣሉ። ከየት መጡ ብዬ ቆየሁ። ለካስ ቅዳሴ ወጥቷል። ፍልሰታ ነው። እኔ ፍልሰታን የምጾመው በሽሮ ነው፣ ሰዓት አልይዝም፣ ስለዚህ ቅዳሴ መቼ እንደሚወጣ ረስቼዋለሁ። ግቢው ውስጥ አስታማሚዎች ምሳቸውን መፍታት ጀመሩ። የሺ ማቆያው በረንዳ ላይ ወጣች፣ አማተበች፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከፍታ ሳታቋርጥ ጠጣች። እስኪያልቅ። ሌላ ከፈተች።

ትበያለሽ፣ ትጠጫለሽ ብዬ ጠየቅኋት። መቼ ብዬ አልጠየቅኋትም።

ወረድኩ። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ጠዋት የሚሰጥሽን ቁርስ ምን ታደርጊዋለሽ አልኳት። ጎኗ ላለችው እናት እንደምትሰጥ ነገረችኝ። ውሃስ? ቅዳሴ እስኪወጣ ውሃም ከአፏ አይገባም። ተናድጄ ነበር፣ ድምፄ ከፍ ሊል ሲል ፊቷን አየሁና ተውኩት።

ስለት አለባት። ዓረብ አገር ስትኖር ጾሙን ትታው ነበር፣ ከተመለሰችም በኋላ እንደተወችው ቀረች። ሁለቱ የወጡባት ያኔ ነው። ከዚያ ለእመቤታችን ተሳለች፣ ልጅ ስጪኝ፣ ፍልሰታን በየዓመቱ ሰዓቱን ጠብቄ እጾማለሁ ብላ። ያን ዓመት ጾመች፣ ይኸኛው ተፀነሰ፣ ይኸኛው ቆየ።

“እነዚያ የወጡብኝ እየጠጣሁ ነው፣ ዶክተር” አለችኝ። “ይኼ የቆየልኝ በጾሙ ነው። እርስዎ ጠጪ ሲሉኝ እኔ ምን እንደምሰማ ያውቃሉ?”

አወቅሁ። እኔ ውሃ ያድነዋል እላለሁ፣ በእሷ ልብ ውሃ ይገድለዋል። ሁለታችንም የያዝነው ያንኑ ልጅ ነው።

ሐሙስ

ማሳመን አልቻልኩም። ጠዋት በክንድሽ ግሉኮስ ልስጥሽ፣ በአፍሽ አይገባም አልኳት። ብልጠት መስሎኝ ነበር። ትንሽ አሰበች። በክንድ የገባው ከልጄ ከደረሰ በአፍ ከገባው በምን ይለያል? አለች። የእኔው ሳይንስም የሚለው ይህንኑ ነው።

ደግሞ ሌላ ፍርሃት መጣብኝ። ምክንያቱን አገኘሁ ብዬ ልተኛ ነው? ውሃው ያነሰው በጾሙ ብቻ ላይሆን ይችላል። ማታ ሲጨምር አይቻለሁ፣ እሱ ለጾሙ ይመሰክራል። እንግዴ ልጁም ደክሞ ከሆነስ? የሚለየው አንድ መንገድ ብቻ ነው፣ ጠጥታ ውላ፣ ጠጥታ አድራ፣ ጠዋት መለካት። ከሞላ እጠብቃለሁ። ካልሞላ እቀድዳለሁ። እሷ ካልጠጣች ግን በጭፍን ነው የምቀድደው።

በጭፍን መቅደድ አልፈልግም።

ለአሰፋ ደወልኩ። ዝናቡ ድምፁን ይቆራርጠዋል። ያልኩትን ሁሉ ሰማና የነፍስ አባታችንን ይዤ ልምጣ? አለ። እኔ ልጠይቀው የፈለግሁትን እሱ ቀደመኝ። ከድጃ ቆማ ስትሰማ ነበር። አብሽሪ፣ አይዞሽ፣ አላህ ያግራው ብላ ትከሻዬን ነካ አድርጋኝ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ልጁ ዛሬም ቀን ቀን ዝም ብሏል። ልቡን እየደጋገምኩ ሰማሁት። አንዴ ዝግ ያለ መሰለኝ፣ ተመለሰ። የቀዶ ክፍሉን ለቅዳሜ ጠዋት እንዲያዘጋጁ አዘዝኩ።

ዓርብ

መጡ። እህል የጫነ አይሱዙ ላይ ተሳፍረው፣ አሰፋ እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ መምሬ ጥምጥማቸው ረጥቦ። ሽማግሌ ናቸው። ከመኪና ሲወርዱ እጄን ያዙኝና ሕመሟን ንገሪኝ አሉ። ጠብቄ የነበረው ክርክር ነው። እሳቸው ግን ውሃው ሲያንስ ልጁ ምን ይሆናል? በኦፕራሲዮን ቢወጣ ይኖራል? እያሉ ጠየቁኝ። የማላውቀውን አላውቅም አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ገባን። የሺ ልትነሣ ስትል ተቀመጪ አሏት። መስቀላቸውን ሳመች። እንደምትገሠጽ ያሰበች ይመስላል፣ ከንፈሯ ደርቋል። መምሬ አልገሠጿትም።

“ስለትሽን አላፈርሰውም፣ ልጄ” አሏት። “አካፍለዋለሁ። የቀረውን እኔና አሰፋ እስከ ማታ እንጾመዋለን። አንቺ ጠጪ።”

ጣሪያው ላይ ዝናቡ ይሰማል። “ባይሆንስ፣ አባ?” አለች የሺ።

“ባይሆን እኔን ጠይቂኝ።”

እንዲህ ያለ ቃል ለአንድም እናት ሰጥቼ አላውቅም። ሁልጊዜ የምናገረው በኋላ “ብዬ ነበር” ለማለት የሚያስችለኝን ነው። ቀናሁባቸው፣ ደግሞ ደስ አለኝ።

ከድጃ በር ላይ ሆና እኔም ከረመዳን የቀረብኝን ቀን ነገ ልጾም ነው፣ ለሷም ይቁጠርላት አለች። መምሬ ሳቁ፣ ይቆጠራል፣ ለምን አይቆጠርም አሉ። አሰፋ ውሃውን በብርጭቆ ቀዳ። የሺ ብርጭቆውን ይዛ ቆየች። ዓይኗን ጨፍና ጠጣች። ወዲያው ሆዷን ይዛ ልጁን ስታዳምጥ አየኋት። ሁላችንም ከእሷ ጋር አዳመጥን፣ የምንሰማው ነገር ባይኖርም።

ሌላ ቀዳላት።

ቅዳሜ

ቀዶ ክፍሉ ተዘጋጅቷል። የሚያደነዝዘው ባለሙያ ቆሟል። ጄሉን ሆዷ ላይ ቀባሁላት።

ስክሪኑ በራ። መጀመሪያ ምንም አልለይ አለኝ፣ ያው ጉም። ከዚያ ጥቁሩ ውሃ ተከፈተ። እዚህ፣ እዚያም፣ ከጀርባው በኩልም። ለካሁ። ደግሜ ለካሁ። ከድጃን ለኪ አልኳት። ለካች፣ “አልሐምዱሊላህ” አለች፣ ቀስ ብላ።

የሺ ስክሪኑን አታይም። ግድግዳውን ነው የምታየው። ባሏ እጇን ይዟል፣ ትናንት እስኪመሽ ምንም ስላልቀመሰ ፊቱ ገርጥቷል።

“ዶክተር፣ ልጄ ጠጣ?” አለችኝ።

ልመልስላት አፌን ስከፍት አየሁት። ፊቱ ወደ እኛ ዞሯል። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ጉሮሮው ተንቀሳቀሰ። ሽል በዚህ ዕድሜው የተኛበትን ውሃ እንደሚውጥ ተምሬአለሁ፣ ስንቴም አይቼዋለሁ። ዛሬ ግን እንደማላውቀው ነገር ቆሜ አየሁት። ማሽኑን ወደ እሷ አዞርኩ። ያው አፉ፣ እዪው አልኳት። እየጠጣ ነው።

አለቀሰች። አሰፋም። እኔም ስክሪኑን የማጸዳ መስዬ ዞር አልኩ።

የሚያደነዝዘውን ባለሙያ ዛሬ አንቀድድም፣ ይቅርታ አልኩት። ማቆያው ትቆያለች፣ ጠዋትና ማታ አያታለሁ፣ ከአሁን በኋላ የሚሆነው ሁሉ በእኔ ውሳኔ ነው። ይህንን ለየሺ ነገርኳት። ቀጥዬ እንደ መምሬ “ባይሆን እኔን ጠይቂኝ” አልኳት። እሷ ግን አልሰማችኝም፣ ልጁ ረግጧት እየሳቀች ነበር።