ከግድግዳው ማዶ የቀዳኸው ቁጣዬ

ልጄ ሚኪያስ፣

ከተለየኸን ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። በሕይወት ሳለህ ደብዳቤ ጽፌልህ አላውቅም። የእኔን መኝታ ቤትና ያንተን ክፍል የሚለየው አንድ ግድግዳ ነበር፤ የምለውን በዚያው በኩል እጮኽብህ ነበር። አሁን ጮኼ ስለማላገኝህ ወረቀት ያዝኩ።

ገርጂ ያለው ቤታችን እንዳለ ነው። ከፊታችን የነበረው ባዶ ቦታ ላይ ፎቅ ቆሞ ፀሐይ ከልክሎናል፤ እናትህ በቀትርም መብራት ታበራለች። ክፍልህን ቆልፌው ከረምኩ። እሷ ይናፈስ ትላለች፣ እኔ አይከፈትም ብያለሁ። ለምን ስትለኝ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩት። ቀኑን ሙሉ ሳሎን ውስጥ ፊቴን ወደዚያ በር አዙሬ እቀመጣለሁ። የተቆለፈብኝስ እኔ ነኝ መሰለኝ።

እኔ ሬዲዮ መጠገንን ያለ አስተማሪ የተማርኩ ሰው ነኝ። የፈታሁትን ሳልገጥም ከወንበሬ ተነስቼ አላውቅም። ሃያ ሁለት አካባቢ ባለ ጭፈራ ቤት ሬጌ ዲጄ ሆነህ ስትሠራ ዝም ብዬህ ነበር። ቤት ገብተህ ዳብ የምትሉትን የሬጌ ዓይነት መሥራት ስትጀምር ግን ትዕግሥቴ አለቀ። አንዴ ልታስረዳኝ ሞክረሃል። ዘፋኙን አወጣዋለሁ፣ ቤዙንና ከበሮውን እተዋለሁ፣ ከቃሉ አንዷን ብቻ መርጬ እንደ ገደል ማሚቶ እለቃታለሁ አልከኝ። ፈትቶ ጠረጴዛ ላይ መተው ሙያ አይደለም አልኩህ። ሳቅህ። ቤት ውስጥ በሠራህባቸው ሦስት ዓመታት በየወሩ አንድ፣ አንዳንዴም ሁለት ሥራ ታወጣ ነበር። ምሳህ በር ላይ ይቀዘቅዛል፤ የእናትህ ብርጭቆዎች ቁምሳጥን ውስጥ ይንጫጫሉ፤ እኔም እጮኻለሁ።

ባለፈው ክረምት አብሮህ ይሠራ የነበረው ቢኒያም መጣ። ሳይወጡ የቀሩ አሥራ አንድ ሥራዎች አሉ፣ የአባት ፊርማ ያስፈልጋል አለኝ። ሳልሰማ አልፈርምም አልኩት። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ። ቤዙ መጣ፤ ከዚያ አንድ ሽማግሌ "ይሄ እኮ ሰው የሚኖርበት ቤት ነው" ብሎ ተቆጣ። ቤት ነው፣ ቤት ነው እያለ ድምፁ እየራቀ ሄደ። ይሄ ባለጌ ማነው አልኩት። ቢኒያም አንገቱን ደፍቶ "እርስዎ ነዎት እኮ አባባ" አለኝ።

አሥራ አንዱም ውስጥ አለሁ። ማይክሮፎን ግድግዳው ላይ አስጠግተህ ሰነፍ ያልኩህን፣ ሥራ ፈት ያልኩህን፣ አትሰማም ወይ ያልኩህን ሁሉ ቀድተኸዋል። ሳሌ እንኳ አልቀረችም፤ ከከበሮው ጋር ተሰክታለች። ልጁን ሲያዋርድ በአደባባይ መሰማት የሚፈልግ አባት የለም። ቢኒያምን፣ እኔን ከውስጡ አውጣኝና እፈርማለሁ አልኩት።

"አባባ፣ ሚኪ ስንቱን ዘፋኝ ሲያወጣ እርስዎን አላወጣም" ብሎ ተከራከረኝ። እንቢ አልኩ። ታውቀኛለህ።

በሳምንቱ አውጥቶኝ መጣ። እኔ በነበርኩበት ቦታ ጸጥታ ነበር፤ ከሥሩ ግን አንተ ነበርክ። ዝቅ ባለች ድምፅ "እሺ አባዬ" ትላለህ። ቆየት ብለህ "መጣሁ አባዬ፣ ይቺን ልጨርስ" ትላለህ። ለእያንዳንዱ ጩኸቴ መልሰህልኛል። ሦስት ዓመት ሙሉ አይሰማም ስልህ የኖርኩት ያልሰማሁት እኔ ነኝ፤ እየጮኽኩ ነበራ።

ቢኒያም "እንዲህ ይውጣ?" አለኝ። ላስብበት ብዬ ሸኘሁት። ድምፄ ይመለስ ካልኩ ከተማው ሁሉ ክፋቴን ይሰማል። ይቅር ካልኩ አንተ ለባዶ ክፍል እሺ ስትል ትኖራለህ። ሦስት ቀን ወዲያና ወዲህ ብዬ መውጫ አጣሁ። በአራተኛው ቀን ጠርቼው፣ ልጄ ብቻውን ሲያወራ ሰው እንዲሰማው አልፈልግም፣ መልሰኝ አልኩት። ፈረምኩ።

አሁን ወጥቷል። ትናንት ከመገናኛ ወደ ገርጂ ስመጣ የታክሲው ሾፌር ከፍቶት ነበር። ወያላው የእኔን ቁጣ አስመስሎ "ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ይሄ እኮ ሰው የሚኖርበት ቤት ነው" ሲል ተሳፋሪው ሳቀ። አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ "ሽማግሌው ሲያስጠላ" አለች። የኋላ ወንበር ላይ በሰው መሐል ተጣብቄ ነበር፤ መውረድ አልቻልኩም። ዝም በሉ፣ ልጄ እየመለሰልኝ ነው ልላቸው ነበር።

ሚኪያስ፣ ይቅርታ መጠየቅ አላውቅበትም፤ በዚህ ዕድሜዬም የምማረው አይመስለኝም። ይህን ግን ቃል እገባልሃለሁ። ሥራህ በተከፈተበት ቦታ ሁሉ፣ ሰው ቢስቅብኝም ቢሰድበኝም፣ ተነስቼ አልሄድም። አንተ መልሰህ እስክትጨርስ እቀመጣለሁ።

አባትህ