ያፈንከው ግድግዳ

ለወንድሜ ለማሙሽ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። እንዴት ከርመሃል? ሚስትህ እንዴት ናት? ወገቧን ተሻላት? ሚጢጢስ ያ የሚነቃነቅ ጥርሷ ወለቀላት ወይስ አሁንም ክር የያዘ ሰው ባየች ቁጥር አልጋ ሥር ትገባለች? የእማዬ ደረትስ? እሱን እንኳ ካንተ አልጠብቅም፤ ከራሷ አፍ ሰምቻለሁ፤ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። እጄን ኖራ ሰነጣጥቆኛል፤ ትከሻዬም አመሻሹ ላይ ይከብደኛል፤ ከዚያ ሌላ ምንም አልሆንኩም። ከንዴቱ በቀር ማለቴ ነው። የቀረውን ሰላምታ መጨረሻ ላይ ታገኘዋለህ፤ አሁን ቁጭ በልና ስማኝ።

ደብዳቤ የጻፍኩልህ ወድጄ አይደለም። ደወልኩ፤ ጮህኩ፤ «አይሰማም፣ መስመሩ ይቆራረጣል» ብለህ ዘጋኸው። መልሼ ደወልኩ፤ አላነሳህም። አንተ ልጅ፣ አዝዬ ያሳደግኩህ እህትህ እኮ ነኝ! መስመር ሲቆራረጥና አንተ ስትቆርጠው ለይቼ የማላውቅ መሰለህ? ወረቀት ደግሞ አይዘጋም። ዛሬ ማታ ወደ እናንተ የሚሳፈር የሥራ ባልደረባዬ ይዞልኝ ይመጣል። ነገ ደጅህ ቆሞ በእጅህ ይሰጥሃል፤ አንብበህ እስክትጨርስም ንቅንቅ እንዳይል አደራ ብዬዋለሁ።

የላክህልኝን ፎቶ አየሁት። «እትዬ፣ የእማዬ ቤት ይኸውልሽ ሆዱን ነፍቶ ሊወድቅ ነው፤ ጭቃ ድሮም ጭቃ ነው፤ ሰኞ ጠዋት እኔ ሱቅ ሳለሁ አፍራሾቹ ይመጣሉ፣ ዝናቡ ሳይገባ በብሎኬት አቆመዋለሁ፣ እንኳን ደስ ያለሽ» ብለህ ጽፈሃል። ምሳ እየበላሁ ነበር፤ ሰሃኑን ገፋሁት። እንኳን ደስ ያለሽ? በምኑ ነው ደስ የሚለኝ? ፎቶውን በጣቴ እየለጠጥኩ ጥግ ጥጉን ሁሉ አየሁት። የፊቱ ግድግዳ ከታች አብጧል። የሲሚንቶ ልስኑ እንደ ቁስል ቅርፊት ተነስቷል፤ ከሥሩ ያለው ጭቃ ረጥቦ ጠቁሯል። ወደ ላይ ባየሁ ጊዜ ደግሞ ይባስ አለብኝ። ከግድግዳው ወጣ ብሎ ዝናቡን የሚመልሰው የጣሪያ ክፈፍ የለም። የት አደረስከው? በሩ ጋ ለእማዬ ለሠራኸው የብሎኬት ክፍል አልመች ስላለህ ቆርጠህ ጣልከው አይደል? የጣሪያው ውኃ ቀጥታ በግድግዳው ላይ እንዲወርድ በገዛ እጅህ መንገድ ጠረግክለት።

ሲሚንቶውንም ቢሆን ማን እንዳስጀመረህ አውቃለሁ። ባለፎቁ ጎረቤታችን «በዚህ ዘመን ጭቃ ቤት ታሳያለህ?» ቢልህ ጊዜ ፊትህ ቀላ፤ ሮጥክና ሲሚንቶ አመጣህ። ያን የመሰለ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ደፈንከው። አልበቃህም፤ በምስማር መስመር አስምረህ ብሎኬት አስመሰልከው! ያኔ ፎቶውን ልከህልኝ ምን አገባኝ ብዬ ስቄ አልፌ ነበር፤ የሚያስከትለውን እኔም ገና አላወቅኩም ነበርና። ይልቅ ፈጣሪ የሰጠህን ነገር ልንገርህ፤ ሦስቱ ግድግዳዎች እስከ ዛሬ በደኅና የቆሙት ሲሚንቶው ስላለቀብህ ብቻ ነው።

እንዴት እንዳወቅኩ ስማ። እዚህ የምለስነው ምን ዓይነት ቤት እንደሆነ አንድም ቀን ጠይቀኸኝ አታውቅም። አፈር ነው፣ ማሙሽ! ግድግዳው በእንጨት ቅርጽ መሀል በኃይል የተጠቀጠቀ አፈር ነው። ኮርኒሱ እንጨት ነው፤ ከኮርኒሱ በላይ ሙቀትና ብርድ እንዳያልፍ ጭድ ተጠቅጥቆበታል። ልስኑ ጭቃ በጭድ ነው፤ ከላዩ ስስ ኖራ እናለብሰዋለን። መግቢያው ላይ ቅጠል የተሳለበት ትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ «አረንጓዴ ቤት» ይሉታል። የመጣሁ ሰሞን ሳየው በሳቅ ፍርስ አልኩ። ባሕር ተሻግሬ የመጣሁት የእማዬን ምርግ ልመርግ ነው ብዬ ለሳምንት ያህል ለራሴ ሳቅኩ።

አብሮን የሚለስን፣ ረጅሙ የምንለው ሰው አለ። እሱም እንዳንተው ሲሚንቶ አምላኪ ነው። አንዱን ግድግዳ አይቶ አዘነለት፤ ይሄ ምስኪን አፈር እንዴት ይቆማል አለና ማንንም ሳይጠይቅ ከታች እስከ ወገቡ ሲሚንቶ አለበሰው፤ እንዳይታወቅበትም ላዩን ኖራ ቀባው። ምስጋና እየጠበቀ ነበር እኮ። ዝናቡ መጥቶ ካባራ በኋላ ካቦው፣ አለቃችን ማለቴ ነው፣ በዚያ ሲያልፍ ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳው። ባዶ ድምፅ ሰጠ። በመለሰኛ ማንኪያው፣ በካዞላው ጫፍ ቆንጠር ቢያደርገው ልስኑ በገበታ ሙሉ ተገሸለጠ፤ ውስጡ እንደ ሊጥ ሆኗል። አውራ ጣቱን ሰደደው፤ እስከ አንጓው ገባ። አልጮኸም። ሁላችንንም ጠርቶ ተራ በተራ እጃችንን እንድንከት አደረገን። ረጅሙ መግቢያ ጠፋው።

ካቦው እንዳስረዳን፣ አፈር እርጥበት ይስባል፣ ይተፋዋልም፤ ቀኑን ሙሉ ሲያደርግ የሚውለው ይህንኑ ነው። ሲሚንቶ ስታለብሰው ግን መትፊያ ታሳጣዋለህ። ሲሚንቶው ራሱ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ይከፍታል፤ ዝናቡ በዚያች ይገባል፣ ከመሬትም እርጥበት ይወጣል፣ ሁሉም ውስጥ ይታፈናል። ሰውን ላስቲክ አልብሰህ ፀሐይ ላይ ብታቆመው ምን ይሆናል? እሱኑ ነው ያደረግከው። የረጅሙን ግድግዳ ሲሚንቶውን ቀስ ብለን ላጥነው፣ አደረቅነው፣ በራሱ አፈር ሞላነው፣ እንደገና መረግነው። ዛሬ ቆሟል፤ የቤቱ ባለቤት ፎቶዋን ሰቅላበታለች። ገባህ? የእማዬ ቤት ጭቃ ስለሆነ አልታመመም። አንተ አፈንከው፤ አሁን ደግሞ ተንፍስ ስትለው እምቢ አለ ብለህ ልትገድለው ነው።

ያንን ቤት ሌላ ሰው የሠራው አይምሰልህ። አባባ አፈሩን ከጓሮ ቆፈረ፤ እማዬ አንተን አርግዛ ጭቃውን ከጭዱ ጋር በእግሯ ረገጠች። መኪና አልመጣም፣ ከሩቅ የተጫነ ነገር የለም። የተቆፈረበት ጉድጓድ ዛሬ ጥላ የሚሰጣችሁ ዛፍ የበቀለበት ቦታ ነው። ያንተን ብሎኬት ልይልህ እስቲ። አሸዋው ከየት መጣ? ዋና ከተማርንበት ወንዝ አይደለም? ወንዙን እየቆፈሩ ገደል አደረጉት ብለህ ስታለቃቅስብኝ የነበርከው አንተው አይደለህም? ሲሚንቶው ስንት እሳት ነዶበት፣ ስንት መንገድ ተጭኖ እንደሚመጣ አስበህ ታውቃለህ? የጭቃው ቤት ቢፈርስ ተመልሶ አፈር ይሆናል፤ ብሎኬቱ የፈረሰ ቀን ፍርስራሹን ሚጢጢ የት ትጥለዋለች? እዚህ የትልልቅ ሰዎች ልጆች ይህን ለመረዳት ስንት ዓመት ተምረው ነው፤ አንተ በእጅህ የያዝከውን ልትጥል ትሯሯጣለህ። ደሜን አታፍላው!

ከሁሉ የሚብስብኝ ደግሞ ይኸውልህ። ባለፈው ባለቤቲቱ መጣች፤ የለሰንኩትን ግድግዳ እየዳበሰች፣ ውጪው እንዲህ እያቃጠለ እዚህ ስገባ ደረቴ ክፍት ይላል አለችኝ። ፈገግ አልኩላት፤ ውስጤ ግን አረረ። ለእኔ እናት ደረት ማን አሰበለት? እኛ ለሳኞቹ የምናድረው የት እንደሆነ ታውቃለህ? በቆርቆሮ ኮንቴይነር ውስጥ ነው። ቀን እንጋገራለን፣ ማታ እንንቀጠቀጣለን። ጠዋት ተነስተን ለሰው ቀዝቃዛ ግድግዳ እንለስናለን። ስለዚህ በዚያ ኮርኒስ በሌለው ብሎኬት ክፍልህ ውስጥ እማዬ እንዴት እንደምትውል ማንም አይነግረኝም። በላቤ አውቀዋለሁ። ክፍሉን በፍቅር እንደሠራህላት አልክድህም፤ በበዓል ቀን እንኳ ሳታርፍ ብሎኬት ስትደረድር እንደነበር ሚስትህ ነግራኛለች። ለዚህ ነው ይበልጥ የምናደደው። ክፉ ብትሆን ኖሮ ትቼህ በተገላገልኩ።

ጭቃ እንከን የለውም አልልህም። ክፈፍ ይፈልጋል፣ ከሥሩ ድንጋይ ይፈልጋል፣ ከዝናብ በኋላ የሚዳብሰው እጅ ይፈልጋል። ሲሚንቶም ጠላቴ አይደለም፤ ለውኃ ጉድጓዱ አድርገው፣ ለደረጃው አድርገው፣ እመርቅሃለሁ። አሁን ግን ጆሮህን ሰጥተህ ስማኝ። መጀመሪያ ጣሪያውን ከውስጥ በወፍራም እንጨት ደግፍ። ክፈፉን መልስ፤ ያንተ ክፍል ዝናብ ቢያንጠባጥብበትም ይቻለው። ከዚያ ሲሚንቶውን ከላይ ጀምረህ ወደ ታች በመሮ ቀስ እያልክ ላጠው፤ በመዶሻ እንዳትመታው! ይድረቅ። የበሰበሰውን ጭቃ አውጣ፣ ከጓሮ አፈር ጨምር፣ ከጭድ ጋር አቡካው፣ እስኪሸት ተወው፣ ከዚያ ምረግ። ያ ግድግዳ ደርቆም አልቆም ካለ እሱን ብቻ አፍርሰህ በአፈር ሥራው፤ ሦስቱን ግን እንዳትነካ። አላውቅበትም እንዳትለኝ። እማዬን ወንበር አውጥተህ ጥላው ሥር አስቀምጣት፤ እሷ ትዘዝ፣ አንተ ርገጥ። ባለፎቁ መጥቶ ቢስቅብህ ጫማውን አስወልቀህ አስረግጠው።

አሁን የመጨረሻውን ልንገርህ። እማዬ እንዳልነግርህ በአባባ አስምላኝ ነበር፤ ቤቱ ከሚፈርስ መሐላዬ ይፍረስ።

እማዬ ትናንት ደወለችልኝ። ድምፅዋ ጥሩ ነበር፤ ሳል አልነበረባትም። ደነቀኝና መድኃኒት ቀየሩልሽ እንዴ ብላት ወሬ ልትቀይርብኝ ሞከረች። ስነዘንዛት ነገረችኝ። ጠዋት አንተ ወደ ሱቅ ስትወጣ፣ ሚስትህም ሚጢጢን ይዛ ስትሄድ፣ እሷ ቁልፉን አንስታ ወደ ድሮ ቤቷ ትገባለች። የኋላውን ግድግዳ፣ ያንተ ሲሚንቶ ያልደረሰበትን፣ ተደግፋ መሬት ላይ ትቀመጣለች። እዚያ ደረቷ ይለቃታል። ጆሮዋ እንደድሮው ስላልሆነ የመምጫህን ሰዓት በጥላው እየገመተች፣ ከመድረስህ በፊት ወጥታ በሩን ትቆልፍና ብሎኬት ክፍሏ ውስጥ ላቧን እየጠረገች ትጠብቅሃለች። «ለፍቶ ሠርቶልኝ ቅር እንዳይለው ነው፤ እንዳትነግሪው» አለችኝ። ሊወድቅ ነው ባልከው ቤት ውስጥ፣ ማሙሽ፤ አንተ ቅር እንዳይልህ። በስልኩ ለመንኳት፣ ጮህኩባት፣ አልገባም አለችኝ። አላመንኳትም።

አፍራሾቹ ሰኞ ጠዋት የሚመጡት አንተ ሱቅ ከገባህ በኋላ ነው። በሩ ተዘግቶ ያዩታል፤ ባዶ ነው ብለሃቸዋል። እማዬ ደግሞ ቢጠሯትም አትሰማም።

ይህን አንብበህ እንደጨረስክ ሳትውል ሳታድር ሂድና አስቀራቸው። ሚስትህን በእኔ ስም ሳምልኝ፤ ለወገቧ የላክሁትን ቅባት ይኸው ሰው ይሰጣታል። ሚጢጢን ጥርሷ እስኪወልቅ ማንም እንዳይነካብኝ በላት። ባለፎቁንም ሰላም በልልኝ፤ ምክሩን ለራሱ ይያዘው። እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። ክፍሏ ውስጥ ካጣሃት የት እንዳለች ነግሬሃለሁ። ስትገባ አታስደንግጣት፣ ለምን ገባሽም አትበላት። አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ በል፤ ግድግዳውን ተደገፍና እንዴት እንደምትተነፍስ ስማ።

እህትህ

ከሠራተኞች ማደሪያ፣ ከቆርቆሮው ክፍል
ቅዳሜ፣ ግንቦት ፱ ቀን