በሁለት እጄ ስለተስማማሁበት ጉዳይ

ለክቡር ቱርጉንቦይ፣ የሐር ሸማኔዎች ሰፈር ሊቀመንበር
ማርጊላን ከተማ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የጉልበትዎና የወገብዎ፣ በተለይም የድምፅዎ ጤና ተጠብቆ እንዲኖርልኝ ከልብ እመኛለሁ፤ ከእንግዲህ ከሚናገሩት አንዲት ቃል እንድታመልጠኝ አልፈልግምና።

እንደሚያውቁት የሠራሁበት የሐር ፋብሪካ የሽመና መኪኖች ጩኸት ጆሮዬን ከወሰደው ቆይቷል። የማያውቁት፣ ልጄ የመስሚያ መሣሪያ ገዝታልኝ በሻሼ ሥር አድርጌው መሰንበቴን ነው። መጀመሪያ ላይ ኑሮ አስፈራኝ። የወረቀት ከረጢት ስከፍት ጣሪያው የተናደ መስሎኝ ወደ ደጅ ሮጫለሁ፤ ዳቦ ሳኝክ የራሴ መንጋጋ ድምፅ አስጠልቶኝ ምሳዬን ትቻለሁ። ከሁሉ የከፋው ግን የእርስዎ ድምፅ ሆኖ ስላገኘሁት ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ በደጄ ሲያልፉ እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው፣ ጎንበስ ብለው የሚያጉተመትሙት ስለ ጤናዬ ሲጠይቁኝ እየመሰለኝ ስመርቅዎ ኖሬአለሁ። ለካስ የሚሉኝ “አንቺ አሮጊት፣ ዛሬም አለሽ?” ኖሯል። አለሁ፤ ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፦ በጸደዩ ስብሰባ “የተስማማችሁ እጅ አውጡ” ሲሉ፣ እኔ የመዝጊያው ዱዓ መስሎኝ ሁለት መዳፌን ዘርግቼ “አሚን” አልኩና ፊቴን አበስኩ። ምን እንደጸደቀ የሰማሁት ገና አሁን፣ ከአጥሬ ሥር ቆመው ለአማችዎ ሲነግሩት ነው፦ “ምን ያስፈራሃል? የኮክ ዛፏን ቆርጠህ መኪና ማጠቢያህን ሥራ። ሰው ሁሉ ባንድ እጁ፣ እሷ በሁለት እጇ ነው የተስማማችው!” ያን ዛፍ የተከለው ሟቹ ባለቤቴ ነው። በንዴት አለቀስኩ። ከዚያ እንባዬን ጠርጌ ቂሜንም ከመሣሪያው ጋር በሻሼ ሥር ደበቅሁት።

ሦስተኛው ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ነው። ባለፈው ሳምንት በሰፈራችን ሠርግ ሩዝ ልንበላ በተሰበሰብንበት ሻሼ የተጫነው መሣሪያ ሲያፏጭ፣ “ሻዩ ፈላ መሰለኝ” ብለው ጉዴን ሸፈኑልኝ። ከዚያ ወደ አማችዎ ዘንበል ብለው “የምትለውን ራሷም አትሰማው፣ ትንሽ እንሳቅ” አሉትና፣ ጮክ ብለው “ዛሬ እማማ ኢኖባት ይመርቁን!” አሉ። እኔም በለሆሳስ መረቅሁ። እርስዎ አንድም ቃል ሳይሰሙ ከሰው ሁሉ ቀድመው “አሚን!” ብለው ፊትዎን በሁለት እጅዎ አበሱ።

በሁለት እጅ የተስማማችልዎ፣ አሁን ደግሞ በሁለት ጆሮ የምታዳምጥዎ፣ ለጤናዎ ከማንም በላይ የምትጨነቅ ጎረቤትዎ፣
ኢኖባት

ድኅረ ጽሑፍ፦ አጠገቤ የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ የሰሙት ምርቃት ይህ ነበር፦ “የኢኖባት ዛፍ ባለበት ይኑር፤ መኪና ማጠቢያው በሊቀመንበራችን ግቢ፣ በመኝታ ቤታቸው መስኮት ሥር ይሠራ።” በሰፈራችን አሚን ማለት ፊርማ መሆኑን ያስተማሩን እርስዎ ስለሆኑ፣ ዛሬ ጠዋት መጥረቢያና አካፋ ይዘው የመጡትን ሠራተኞች ሴቶቹ በአክብሮት ወደ ግቢዎ መርተዋቸዋል። የቁፋሮው ድምፅ እዚህ ድረስ ይሰማኛል። እኔ ሲበዛብኝ መሣሪያዬን አወልቃለሁ። እርስዎስ?