ስለ ጠፋው የልጄ ቃልና ስለ ተከራያችሁት ሰርቨር

ለተከበሩ አቶ ምናለ
የቃለ አደራ የተጓዥ ቤተሰቦች ማኅበር ሥራ አስኪያጅ
መካነ ሰላም

እንደምን ሰነበቱ? አላህ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ዓፊያውን ያብዛልዎ፤ ልጆችዎን ከዓይንዎ አያርቅብዎ። እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከሐዘን በቀር ደህና ነኝ።

ጡረተኛው መምህር ሙሐመድኑር አራጌ ነኝ። ልጄ ኡምኩልሱም ከሰባት ዓመት በፊት ወደ ሪያድ ስትሄድ፣ እንደ ማንኛውም የማኅበራችን ተጓዥ የአደራ ቃሏን በድምፅ አስቀርጻ ሄደች። ደንባችን እንደሚታወቀው ነው፤ ተጓዡ ሲመለስ ቃሉን ራሱ ይወስዳል፣ ካልተመለሰ ቤተሰቡ ይሰማዋል። ልጄ ባለፈው ዓመት እዚያው ታማ ሞተች፤ እዚያው ተቀበረች። መቃብሯን አላየንም፤ የቀረን ያ ሰምተነው የማናውቀው ቃል ብቻ ነበር። እኔ ልሰማው ስመጣ የለም ተባልኩ። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩. ስላዘመኑን አመሰግናለሁ። ድሮ ድምፆቹ የነበሩት ከቢሮዎ ጎን ባለችው ክፍል፣ በራሳችን ሰርቨር ላይ ነበር። እውነቱን ለመናገር ክፍሏ የምታኮራ አልነበረችም፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ማሽኑ ይቆማል፣ ክረምት ሲገባ ጣሪያው ያፈሳል። እርስዎ ክላውድ በሚባለው መንገድ የውጭ ድርጅት ሰርቨር ሲከራዩልን፣ ከእንግዲህ መብራቱም ጥበቃውም ጥገናውም የአከራዩ ጭንቀት ነው አሉን። እኛም አመንንና ተኛን።

፪. ቴክኒሻኑን በፍቃዱን ስላሰናበቱልን አመሰግናለሁ። ማሽን ከሌለ የማሽን ጠባቂ ምን ይሠራል ማለትዎ ከብልህ ሰው የሚጠበቅ ነው። አከራዩ ውሉ እንዲታደስ ሦስት ጊዜ የጻፈው ግን በበፍቃዱ ኢሜይል ነበር፤ እናንተ ደግሞ ሰውየውን ስታሰናብቱ ኢሜይሉንም ዘግታችኋል። ድርጅቱ በውሉ መሠረት ሠላሳ ቀን ጠብቆ ሁሉንም አጠፋ። የዛሬን አያድርገውና፣ በፍቃዱ ጣሪያው ሲያፈስ ጃንጥላውን ለማሽኑ ዘርግቶ ራሱ ሲበሰብስ አይቻለሁ።

፫. ይህኛው የእኔ ጥፋት ነው፤ ደብቄው ግን ደብዳቤ መጻፍ አልችልም። ወደ ክላውዱ እንዛወር በተባለበት ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በፍቃዱ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ጋሼ፣ ክላውዱም ይሁን፤ ግን ወላሂ አንድ ቅጂ እዚሁ ይቅር» ብሎ ለምኖ ነበር። የተቃወምኩት እኔ ነኝ። አደራ የሚያስረክብ ሰው ሙሉውን ያስረክባል፣ ቅጂ ማስቀረት አደራ በላ ያሰኛል አልኩ። ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡልኝ። በማግስቱ የአሮጌው ማሽን ዲስክ በፊታችን ተደመሰሰ፤ ምስክር ሆኜም ፈረምኩ። አደራ ሁሉ እንደ እህል ከሁለት ጎተራ የማይገባ መስሎኝ ነበር። ድምፅ ቢገለበጥ እንደማይጎድል እኔ አላወቅኩም፤ እርስዎ ግን ሙያዎ ነውና ያውቁ ነበር። ዝም ስላሉ ጭብጨባው የእኔ ብቻ ሆኖ ቀረ።

፬. «ለተፈጠረው የቴክኒክ ክፍተት» ይቅርታ የጠየቁበት ባለ ማኅተም ደብዳቤዎ ደርሶኛል። በሕይወት ያሉ ተጓዦች ቃላቸውን በድጋሚ ያስቀርጹ ማለትዎም መልካም ነው። ከአቀስታም ከማሻም ልጆቻቸውን የላኩ ወላጆች ይኸው እየደወሉ ያስደግማሉ። የኔዋን ማን ያስደግምልኝ?

ክላውዱን ተዉት አልልም፤ ቤታችን ቢቃጠል እርሱ ይተርፋል። ነገር ግን አንድ ቅጂ በእጃችን፣ አንድ ሰው ደግሞ በአጠገቡ ይኑር። በፍቃዱን ይመልሱት፤ እኔም በጉባኤ ፊት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

ቅጂ አስቀርተው ቢሆን ኖሮ ከማንም በፊት አደራ በላ ይልዎት የነበረው፣ አሁን ባለማስቀረትዎ የሚያለቅሰው
አክባሪዎ ሙሐመድኑር አራጌ

ማስታወሻ፦ ባለቤቴ የሺእመቤት ዓይኗ ስለደከመ ይህን አታነብም፤ ቃሉ መጥፋቱንም አልነገርኳትም። ገበያ በወጣች ቁጥር ቢሮዎ ጎራ ብላ የልጄ ቃል መጣ ወይ ብላ ትጠይቅዎታለች። ኔትወርክ የለም ይበሏት። እኔ ልላት ስሞክር ድምፄ ይከዳኛል፤ እርስዎ ግን ለምደውታል።