የማይገጥም ጥይት

ጥር 6፣ ጋምቤላ

መብራት ጠዋት ሄደ፣ አሁንም የለም። ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ዋለ። ግን ደስ ብሎኛል። የአየር ጠመንጃው መጣ! ፈቃዱም አብሮ። ስንት ደብዳቤ፣ ስንት ምልልስ...

ደን ስማር፣ ስመረቅ ጠመንጃ እይዛለሁ ብዬ አስቤ አውቃለሁ? ግን መቲ ጫካ ያለው የቀረሮ ዛፍ ቀና ብለው ሲያዩት ያዞራል፤ እስከ ጫፉ ሰው አይወጣውም። ለዘር የምንፈልገው ፍሬ ከወደቀ ደግሞ ጦጣና የዱር አሳማ ይቀድሙናል። ያለው መላ ከሥር ሆኖ ፍሬ የያዘውን ቀጭን ቅርንጫፍ መትቶ መጣል ነው። ቀረሮ በየዓመቱ አያፈራም። ዘንድሮ ካመለጠን ችግኝ የለም፣ ፕሮጀክት የለም... እኔም የለሁም።

አለቃዬ አቶ ሰብስቤ አንድ ቆርቆሮ ጥይት ሰጡኝ። ስለግ የሚሉት፣ ወገብ የሌለው ድፍን እርሳስ። ውፍረቱ 5.54 ሚሊሜትር ይላል። "ትልቁን መርጬልሻለሁ፤ ጠበቅ ሲል ነው የሚመታው።"

እሺ አልኩ። ነገ ጉዞ።

ጥር 9፣ መቲ

ጉም። ብርድ። ከጋምቤላ የመጣ ሰው እዚህ ሹራብ ይለምናል።

ጥይቱ አልገባ አለ። በጣት ገፋ ሲደረግ ሰተት ማለት ነበረበት። ሹፌራችን ጥዑመልሳን በመፍቻ ቂጥ መትቶ አስገባልኝ። "የሠርግ ጫማ ነው በይው፣ ሲለመድ ይሰፋል።" ሳቅን።

ካርቶን ላይ ተኮስኩ። አንዱ ግራ፣ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ጭራሽ ካርቶኑን አላገኘውም። አቶ ሰብስቤ ጋ ደወልኩ።

"ናዝሬት፣ መሣሪያው አዲስ ነው። ችግሩ እጅሽ ነው። ተለማመጂ።"

እጄ? እንጃ... ምናልባት።

ጥር 11

ቀፎ መታሁ።

ቅርንጫፉን አልሜ፣ ጥይቱ ሄዶ ሄዶ አጠገቡ ካለው ዛፍ ላይ የተሰቀለውን ቀፎ በሳው። ንቡ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ጥዑመልሳን መኪናው ውስጥ ገብቶ መስታወት ዘጋ፤ እኔን ውጭ ትቶ! ጀግና።

ባለቀፎው መጣ። ጋሽ አብኔር ይባላል፣ ማጃንግ ነው። ቀረሮውም የእሱ ነው ለካ። እዚህ ቀፎ የሚሰቀልበት ዛፍ ሁሉ ባለቤት አለው፤ አባት ለልጅ ያወርሰዋል። ማን ነገረኝ? ማንንስ ጠየቅሁ?

"ከወረዳ ፈቃድ አለኝ" አልኩት።

"ወረዳ እዚህ ዛፍ ላይ ወጥቶ ያውቃል?"

"ጋሽ አብኔር፣ ይቅርታ..."

"ንቡ ገና መግባቱ ነበር። አሁን ሄደ። በደብዳቤ ትጠሪልኛለሽ? ሁለተኛ እዚህ እንዳላይሽ።"

ፍሬው ከላይ ተንዠርግጓል። ጠመንጃውን ይዤ ወደ መኪናው ተመለስኩ።

ጥር 12

ተናድጄ ዋልኩ። በሰውየው አይደለም።

ጥር 13

እጄ አይደለም! አይደለም!

አየሩን አስተነፈስኩ፤ አንድ ጥይት ከኋላ አስገብቼ በቀጭን ዘንግ እስከ አፈሙዙ ጫፍ ገፋሁት። መግፋት ነው ይሄ? በመዶሻ ነው የወጣው። ጎኑ ተልጧል፣ ቂጡ ተጣሟል። እንዲህ ሆኖ የወጣ እርሳስ እንዴት ቀጥ ብሎ ይሄዳል?

ጋምቤላ ያለችው ንብረት ክፍሏ ኢልሀም ጋ ደወልኩ።

"ውይ ናዚ! ከጠመንጃው ጋር ሌሎች ሁለት ቆርቆሮዎች መጥተው ነበር እኮ። 5.51 እና 5.49። እየሞከራችሁ የሚገጥመውን ምረጡ ተብለው የተላኩ። አቶ ሰብስቤ 'ይሄ የልጅ ነው' ብለው መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት።"

መሳቢያ ውስጥ! እኔ እዚህ የሰው ቀፎ እየበሳሁ...

"ላኪልኝ።"

"ሳልጠይቃቸው?"

"ሳትጠይቂ!"

"ያ አላህ... እሺ። ነገ ጠዋት በሚነሳው መኪና።"

የልጅ ነው አለ። ወፍራም ነገር ሁሉ ጥሩ ይመስለዋል። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ደብተር ላይ "አቶ" አልለውም።

ጥር 15

ደረሰ። 5.49ኙ ገፋ ሳደርገው ሮጦ ወጣ፤ አፈሙዙ ሳይነካው። ልል ነው። 5.51ዱ... በእኩል ኃይል፣ ሳይነቀነቅ፣ ሳይታገል ወጣ። ዙሪያውን አፈሙዙ ውስጥ የተቀረጹት መስመሮች ቀጭን ቀጭን ሆነው ታትመውበታል። ቂጡ እንዳለ ነው።

ካርቶን ላይ አምስት ተኮስኩ። አምስቱንም አንድ የሻይ ብርጭቆ ይከድናቸዋል። ጥዑመልሳን አፉን ያዘ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። ይሄ በመጀመሪያው ቀን መሆን ይችል ነበር!

ጥር 17

ጋሽ አብኔር ቤት ሄድኩ። ጠመንጃውን እንጂ ደብዳቤ አልያዝኩም።

"ጥይቱ አይገጥምም ነበር" አልኩት።

"እያወቅሽ ተኮስሽ?"

"...ጠርጥሬ ነበር። አለቃዬ ግን..."

"አለቃሽ የት ነው? ዛፉ ሥር አንቺን ነው ያየሁት።"

ፊቴ ነደደ። ልክ ነው።

ተነስቶ የበቆሎ ቆረቆንዳ በገመድ አስሮ አንጠለጠለ። "ምቺ።" መታሁ። ሌላ አሰረ። መታሁ። ሦስተኛውን የልጅ ዓይን ብቻ እንዲያየው ይመስል በጣም አራቀው። እሱንም መታሁ።

"ነገ እኔ በማሳይሽ በኩል ትቆሚያለሽ። ለቀፎ ጀርባ ሰጥተሽ።"

"ይቅር አሉኝ ማለት ነው?"

"ቁሚ ነው ያልኩሽ።"

ጥር 18

ቅርንጫፉ ወደቀ! ከዚያ ሌላው፣ ሌላው... ፍሬውን እርጥብ ጆንያ ውስጥ ሞላነው። ጋሽ አብኔርም አብሮን ሲለቅም ነበር። የተበሳው ቀፎ ጸጥ እንዳለ ነው። ንቡ አልተመለሰም። ደስታዬ ሙሉ አልሆነም፤ መሆንም የለበትም።

ጥር 20

ሰብስቤ ፍሬው መውረዱን ሰምቶ ደወለ።

"አላልኩሽም? ልምምድ ነው! ወደ ሁለተኛው ዛፍ እለፊ። የ5.54ቱን ብዙ ቆርቆሮ አዝዣለሁ፣ በእሱ ጨርሺ።"

"በእሱ አልተኩስም።"

"ምን አልሽ?"

"አይገጥምም። ከፈለጉ እርስዎ መጥተው ይተኩሱ። ባለቀፎዎቹንም ያናግሯቸው።"

"ናዝሬት... ኮንትራትሽ ሰኔ ላይ ያልቃል።"

"አውቃለሁ። ዘሩ ግን እጄ ላይ ነው፣ የችግኝ መደብ ላይ ልዘራው ነው። ደህና ይዋሉ።"

ዘጋሁት። እኔ ነኝ? እሺ ከማለት ውጭ ቃል ያልነበረኝ?

ሁለተኛው ዛፍ የጋሽ አብኔር አማች ንብረት ነው። ነገ አብረን እንሄዳለን። "ቁጡ ነው፣ ይሰድብሻል" አለኝ። "እስኪጨርስ ስሚው።"

እሰማዋለሁ። ጠመንጃውን ግን አልይዝም። መጀመሪያ እንጠይቅ።